ኮቱን እንደ ለበሰ

በመጀመሪያው ወር አንድ ሐሙስ ቀረሁ።
ጉንፋን ነው አልኩ፤ እውነቱን ልናገር፣ ዝናቡን ፈራሁ።
ማታ ከመኖሪያው ደወሉ፦ «መርቪን ኮቱን አላወልቅ ብሏል፣
ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ መስኮቱ ሥር ቆሟል።»
ሠላሳ ዓመት በኦማሩ ፖስታ ቤት ደብዳቤ የለየሁ ሴት፣
መዘግየት ሰውን ምን እንደሚያደርግ የማውቅ፣
ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ አልቀረሁ።
ወደቡ ድረስ እንወርዳለን። ትንንሾቹ ፔንግዊኖች
ሲመሽ ከባሕር ሲወጡ እሱ ይቆጥራል፤
በጣቱ፣ ከዚያ በኮቱ ቁልፎች፣ ከዚያ በእኔ ጣት።
«አርባ ሁለት» ይላል። እኔ ያየሁት ሠላሳ ስምንት።
ልክ እሱ ነው። እኔ የታየኝን ቆጥሬ እነሣለሁ፤
እሱ ድንጋይ ሥር የዘገዩትንም ይጠብቃል።

ባለፈው ሰኞ ስብሰባ ጠሩ።
ስድስት ወንበር፣ አንድ ፋይል፣ ብስኩት በሳሕን።
ፋይሉ «የአእምሮ እድገት ውስንነት» ይላል፣ በቀይ፤
ስለ ፔንግዊን አንድም ቃል የለበት።
«ደንበኛው ወደ ኢንቨርካርጊል ቢዛወር
አልጋው ይረክሳል» አሉ።
ደንበኛው አጠገቤ ተቀምጦ
ብስኩቱን ለሁለት ይገምሳል፤ ግማሹ የእኔ ነው።
ሃምሳ አንድ ዓመት የኖረ ሰው ፊት፣
ሬሳ እንደ ተኛበት ቤት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

ጸሐፊዋ ብዕሯን አነሣች፦
«እርስዎስ? ዘመድ ነዎት?» አይደለሁም።
«ሠራተኛ?» አይደለሁም። «ማን ይከፍልዎታል?» ማንም።
ቅጹን ገለበጠችው፤ ከፊትም ከኋላም
ለወዳጅ የተተወ መስመር የለም።
«ኅዳጉ ላይ ጻፊው» አልኳት። «ኖሊን። ወዳጅ።
አሁን ደግሞ እሱን ጠይቂው።»

ጸጥታ። የግድግዳው ሰዓት። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።
የመርቪን ቃል እንደ ባሕር ማዶ ደብዳቤ ነው፣
ይዘገያል እንጂ አይጠፋም።
ሁለት ሰዎች ሊመልሱለት አፋቸውን ከፈቱ፤
እጄን አነሣሁ። ጠበቅን።

«ኢንቨርካርጊል» አለ፣ ስሙን እያኘከ፣
«ሐሙስ አለው?»

ማንም አልሳቀ።
ውሳኔው ለወሩ ተላለፈ። ድል አይባልም፤
በቀጠሮ ለሚኖር ሰው ሌላ ቀጠሮ ተጨመረለት።
ስንወጣ የቀረችውን ብስኩት ለጸሐፊዋ ሰጣት፤
የት እንደምታኖራት ጨነቃት።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ይዘንባል።
ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ።
አንድ ጫማዬን አጥቼ አልጋ ሥር እፈልጋለሁ።
እሱ ኮቱን ለብሷል።