ስለ አንድ አንገት

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከላስቲክ ጥላዬ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ያው ነው ማመልከቻዬ፤
የድንበር፣ የቀለብ፣ የውርስ፣ የኪራይ፣
«ክቡር ሆይ» እያልኩኝ ለማላውቀው ከላይ።
ገጹ በሃምሳ ብር፣ ለድሃ በሠላሳ።
ለሉባባ ግን ዋጋ አልጠራሁም።

የመጣች ለታ ጦሳ ጉም ደርቦ ነበር።
ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣
ሐረጎን በሚኒባስ ተጠማዛ ወጥታ፣
የጥጥ ብናኝ ቅንድቧ ላይ እንዳለ
ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።
«ጋሽ አበጋዝ፣ ምሕረት ይጽፋሉ?»
ምሕረት አልጽፍም፣ አልኳት፤ ልመናውን ነው የምጽፈው።
«እሱኑ ይጻፉልኝ።»

ወንድሟ ይማም ከቀይ ባሕር ማዶ ታስሯል፤
ከአሥራ አምስቱ ዓመት ሦስቱን ጨርሷል።
«መስማት የተሳነው» ብዬ ስጀምር እጄን ያዘችኝ።
«ይሰማል እኮ፣ ጋሼ። በእግሩ።
ፋብሪካ ሳለን ማሽኑ ሊሰበር ሲል
ጫማውን አውልቆ ወለሉን ይረግጥና
ከመካኒኩ በፊት ሮጦ ያጠፋው ነበር።»

ትምህርት ቤት አልገባም። ቋንቋውን
እሱና እሷ በልጅነት ከጓሮ የሠሩት ነው፤
በዓለም ላይ ሁለት ተናጋሪ አለው።
እናት፦ በአገጭ ላይ የሚወርድ ጣት፣ እንደ ንቅሳቷ።
እህት፦ የሻሽ ጫፍ።
ደሴ፦ መዳፍ ከራስ በላይ ቀስ ብሎ ሲወርድ፣ እንደ ጉሟ።
«እምቢ»፣ «አይደለም»፣ «የኔ አይደለም»
ሦስቱም አንድ ናቸው፤
መዳፍን ዘርግቶ እፍ ማለት፣
ዱቄት እንደሚያበን ሰው።

አንገቱንማ ለሁሉም ይነቀንቃል፤
ለሹፌሩ፣ ለሼኹ፣ ለሰደበው ጎረምሳ፣
ሰው እንዳይቀየመው።
አንገቱ ሰላምታው ነው እንጂ ቃሉ አይደለም።

ሥራው ሲቆም በኦቦክ በኩል በጀልባ ሄደ።
ማዶ ወደቡ ላይ አንድ ሰው ሻንጣ ሰጠው፤
«ያዝልኝ» ብሎት ይሆናል።
ነቀነቀ።
ፖሊስ ሻንጣውን ፈታ።
ዳኛው «ያንተ ነው?» አለው በዓረብኛ፤
አስተርጓሚው «ያንተ ነው?» አለው በአማርኛ፣
በጥሩ አማርኛ፣ ፊደሉን ሳይበላ፤
ይማም የሁለቱን ከንፈር አየና
ቤት ያፈራውን ብላ እንደተባለ እንግዳ
ነቀነቀ።

እጁስ? አልኳት።
«በካቴና ነበር። ወደ ኋላ።»

«አብሽሪ» ልላት አፌን ከፍቼ መለስኩት።
ሃያ ሁለት ዓመት የሰው አፍ ነበርኩኝ፤
አፍ በእጅ ብረት ሲታሰር ዛሬ ገና ሰማሁኝ።

ጻፍኩ፦
«ክቡር ሆይ፣ የይግባኙ ቀን ማለፉን እናውቃለን፤
ሙግት አልያዝንም።
ግን አምኗል የተባለው በአንገቱ ነውና
እባክዎ እጁን ያስፈቱና
አንዴ ብቻ ይጠየቅ።»
ሰረዝኩት። ለትልቅ ሰው እንዲህ አይጻፍም።
በሌላ ወረቀት «በታላቅ ትሕትና፣ ከእግርዎ ሥር ወድቀን»
እያልኩ ግማሽ ገጽ ሞላሁ።
አነበብኩላት።
ዝም ብላ ቆየችና
«እጁን ያሉት የት ሄደ?» አለች።

መለስኩት።

ከታች ለፊርማ የተተወ ቦታ አለ።
አውራ ጣቷን ሰማያዊ ቀለም ነክራ ተጫነች፤
ፋብሪካ የጠረበው ጣት ነው፣ መስመሩ ግማሹ የለም።
ወደ ዓረብኛ የሚመልሱት ሰው
ሸዋ በር፣ ከመስጊዱ ማዶ ይጠብቋታል፤
ከአሥር ሰዓት በኋላ አያገኟቸውም።
ካፊያው ጀመረ። ቀለሙ አልደረቀም።
ላስቲኩን ወደ እሷ ሳብኩላት።
ወረቀቱን በመዳፏ ላይ ዘረጋችና
እፍ አለችበት።
እንደገና፣ እፍ።