አጭሩ ቃጫ

ነጋዴው መጣና በሚዛኑ ቆሞ፣
ረጅሙን መረጠ፣ ነጩን አስቀድሞ።
ከክንድ ያነሰውን፣ የጠቆረውን ጫፍ
በጫማው ገፋና፣ «ይኼ ለእሳት ይትረፍ»
ብሎን ሄደ።
እናቴ ፔርፔቱዋ መልስ አልሰጠችውም፤
ጎንበስ ብላ ለቀመች፤ አንድ አላስቀረችም።

እኛ ደሴት ላይ፣ እኛ ካታንዱዋነስ፣
ዘመን የሚቆጠር በዓመት አይደል፣ በነፋስ።
«ቆርቆሮው ሳይበር ነው»፣ «ከቆርቆሮው ወዲህ»፤
የልጅ ዕድሜ እንኳ የሚነገር እንዲህ።

በዚያች ሌሊት አባቴ፣ ክሪስፑሎ፣
ግድግዳውን ደግፎ፣ በትከሻው ታግሎ፣
«ብሎኬት ነው፣ ልጆች፤ ድንጋይ ነው፤ አትፍሩ።»
ድንጋይ ነበር፤ እውነት። ይኼው ነው ነገሩ፦
ድንጋይ የሚሉት መታጠፍ አያውቅም፤
ሲሰበር ባንዴ ነው፤ አያስጠነቅቅም።

ሲነጋ ጫማውን አገኘን።
አንዱን።

ኮረብታው ላይ ወጣን። አባካው ወድቋል፤
ቅጠሉ ተቦጭቆ፣ ግንዱ ተሰብሯል፤
ያም ሆኖ ስባሪው ከስባሪው ሳይለይ
በቃጫ ተይዞ፣ ተንጠልጥሎ ከላይ
ይወዛወዛል።
እናቴ አየችው። ብዙ ቆማ አየችው።
«ቢላዋ፣» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ነው አጭሩን፣ የተናቀውን፣
ነጋዴ የገፋውን፣ ሚዛን የጠላውን
ማጠራቀም የያዘችው።
በኖራ ውሃ ዘፈዘፈች፣ ሙጫው እስኪለቅ፤
ፀሐይ ላይ ዘረጋች፣ እንደ ልብስ፣ እስኪደርቅ፤
በእኔ ሌባ ጣት ለክታ ቆረጠች።
(ጣቴ አድጓል ዛሬ፤ ልኩ ግን ያው ቀረ፤
ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ጣት ነበረ።)

መጀመሪያ በዛ። ቃጫው ተጠምጥሞ
ብሎኬቱ ወጣ፣ ጎፈሬውን አቁሞ።
ግንበኛው ኤሊሴዮ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤
«ማበጠሪያ ግዢለት!» እያለ ተሳለቀ።
ሁለተኛው አነሰ፤ ሲወድቅ ተፈረፈረ፣
እንደ ደረቅ ብስኩት መሬት ላይ ቀረ።
ሦስተኛውን፣ ለአንድ ባልዲ አንድ ጭብጥ ብቻ ያለበትን፣
ከመሰላል ጫፍ ላይ ለቀቀችው።
ተሰነጠቀ።
አልተለያየም።
ኤሊሴዮ አገላብጦ አየው። ባርኔጣውን ደፍቶ
ምንም ሳይል ሄደ።
በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ በር በሌለው ደጃፋችን
አካፋውን ይዞ ቆሟል።

ሴቶቹ ሰሙና ከየጓዳው ወጡ፤
ለማገዶ ያሉትን በጆንያ አመጡ፤
ዊልፍሬዳ ከወንዝ ማዶ፣ ሶሌዳድ ከነልጇ፣
ሚስቱ የሞተችበት ታሲዮ ሳይቀር።
ነጋዴው ተመልሶ፣ «አጭሩስ ስንት ነው?»
አለ። እናቴ ቀና ሳትል፣ «ለእሳት ነው።»

ደግሞ አንድ መሐንዲስ መጥቶ ከከተማ፣
ግድግዳውን ዳብሶ ትምህርቱን አሰማ፦
«ሲሚንቶ እያደር ቃጫውን ይበላል።»
«እኔንስ፣» አለችው፣ «እኔንስ መች ይምራል?»
የተላጠ መዳፏን ዘርግታ እያሳየችው።
«እስኪበላው ድረስ ይያዝልኝ፤ በቃ።»

ይኼው፣ ከስድስት ነፋስ በኋላ፣ ቤቱ ቆሟል።
እሷ የለችም።

ከትናንት ወዲያ፣ ከመስኮቱ ጥግ፣
አንድ ስንጥቅ አየሁ፤ ቀጭን፣ እንደ ደም ሥር።
ከመሃሉ ወጥታ አንዲት ነጭ ክር
ነፋስ ሲነካት ትንቀጠቀጣለች።
ቃጫ ትሁን? ወይስ ጎንብሳ ስታቦካ
ከራሷ የረገፈች ሽበት?
በሁለት ጣቴ ያዝኳት። ስቤ ልለይ ነበር።
ተውኳት።
የያዘችው አለ።