የመስክ መዝገብ

ልየው ያሰረልኝ ሰዓት በመጀመሪያው ቀን ዋሸኝ፤
ከጓሮ ሳልወጣ፣ ልብስ ሳጥብ ውዬ
«ሦስት ሺሕ ተራመድሽ!» ብሎ አሞገሰኝ።
በማግስቱ ባጃጁ በኮብልስቶን ላይ ሲያንገጫግጨኝ
ቁጭ ባልሁበት ሌላ ሺሕ መረቀልኝ።
ማንጎ የጫነ ብስክሌቴን ግን
ከገበያ እስከ ቤቴ በሁለት እጄ ስገፋ፣
ላቤ በጀርባዬ ወርዶ፣ ትንፋሼ እስኪጠፋ፣
«እጅሽ አልተወዛወዘም» ብሎ
ያን ሁሉ መንገዴን እንደ እጣቢ ደፋ።

«ተይው፣ እትዬ፣ ርካሽ ዕቃ ነው» አለኝ ልየው።
እኔ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት መሬት ስለካ የኖርሁ ነኝ፤
ከመራዊ እስከ ዘጌ ሰንሰለት ጎትቼ፣
በወንድማማቾች ድንበር መካከል ቆሜ፣
በስንዝር ስሕተት ሰው ሲጣላ ዐይቼ።
መሣሪያ አይዋሽም። የሚዋሸው ያቆመው ነው፣
ውሃ ልኩን ሳያይ፣ ሦስቱን እግር ሳያስተካክል የተወው ነው።

መነጽሬን አድርጌ ወደ ሆዱ ገባሁ።
ቁመት፦ አንድ ሜትር ከሰማንያ። የራሱን ነው የሞላው፣ ጎረምሳው!
ክብደት፦ ስድሳ። (እሱንስ ዝም ብዬ ላልፈው ነበር።)
ዕድሜ፦ ሃያ ስድስት።
ከቀበሌም፣ ከባንክም፣ ከንስሐ አባቴም
የሸሸግሁትን ለአንድ ሰዓት ተናዘዝሁ፤
ስድሳ ሦስት።
ማሰሪያውን አንድ ቀዳዳ አጠበቅሁ፣
ከአንጓዬ አጥንት ሁለት ጣት ከፍ አድርጌ አሰርሁ፣
ከሣጥኔም የሃምሳ ሜትሩን የብረት ሜትር አወጣሁ።

ማለዳ፣ በሐይቁ ዳር፣ ከዘንባባ እስከ ዘንባባ ዘረጋሁት።
ብስክሌት የሚያከራዩት ልጆች «እትዬ ወርቅያንጥፉ፣
ጣናን ልትሸነሽኚው ነው?» አሉኝ።
ሄድሁ። ተመለስሁ። ደግሜ ሄድሁ።
ሃምሳው ሜትር በሰባ ስምንት እርምጃ አለቀ፤
ስድሳ አራት ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ አይበልጥ፣ አያንስ።
ሞላሁለት።

ከዚያ ወዲያ ታረቅን፣ ታረቅን ከተባለ።
ካርታው ላይ ቀዩ መስመር ከዋርካው ሥር ይነሣና
ቀጥ ብሎ ሐይቅ ይገባል፤
ሁለት መቶ ሜትር በውሃ ላይ ያስኬደኛል።
«እንደ ጴጥሮስ!» ብሎ ሳቀ ልየው።
ጴጥሮስስ መስመጡን ዐውቆ ጮኋል።
ለካ ከቅጠል ሥር ሳተላይቱ አያየኝም፤
ገላጣው ላይ ቆሜ፣ ሁለት ደቂቃ ታግሼ፣
«አገኘሁሽ» እስኪለኝ መጠበቅ ነበረብኝ።

አቸነፍ ደግሞ፣ የታንኳው አቸነፍ፣
ከዘጌ እንጨት ጭኖ ፀሐይ ሳትወጣ የሚቀዝፍ፣
«እስቲ እኔንም ይለካኝ» ብሎ ክንዱን ዘረጋ።
ሄዶ ተመለሰ፣ በማግስቱ ሲነጋ፣
መዳፉ ተልጦ፣ ሸሚዙ በላብ ርሶ።
ሰዓቱ የጻፈለት አርባ እርምጃ ብቻ።
ያ አንሶት ደግሞ ከመሀል ባሕር ላይ እጁን ነዝሮ
«ብዙ ተቀመጥህ፤ ተነሥና ተራመድ» ብሎታል።
«እትዬ» አለኝ፣ «ይህስ ሊያሰምጠኝ መጣ፤
ታንኳ ላይ ተነሥቶ ማን በሕይወት ወጣ?»
«ቀዘፋ» የሚለውን ፈልጌ ነካሁለት።
ግማሹን ቆጠረ፤ ግማሹን ለደንገሉ ተወለት።

እኔም የድሮውን የመስክ መዝገቤን ገልጬ
ሦስት ዓምድ አሰመርሁ፦
ሰዓቱ ያለው። እኔ የቆጠርሁት። ልዩነት።
ደኅና ቀያሽ ስሕተቱን አይደብቅም፣
በእርሳስ ከሥር ይጽፈዋል።

ትናንት ሊመሽ ሲል፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚለይበት፣
ደንጊያ ላይ ተቀምጬ እግሬን ሳሳርፍ
ጉማሬ ከደንገሉ መሀል ብቅ አለ፤
ከኔ ዐሥር ክንድ ቢሆን ነው፣
በአፍንጫው ውሃ እፍ አለብኝ።
አልተነሣሁም። አልጮኽሁም።
የልብ ምት፦ መቶ ሠላሳ አንድ።
ሰዓቱ እጄን ነዘረው፦ «ስፖርት ጀመርሽ?»
«አዎ» የሚለውን ነካሁና፣
ፊቴን ሳላዞር፣ ደንጊያ ሳላንኳኳ፣
አንድ አንድ እያልሁ ወደ ኋላ ሄድሁ።
አስፋልቱ ላይ ስደርስ አየሁት፤
ሃያ ሁለት ይላል።
እኔም ሃያ ሁለት ነው የቆጠርሁት።