ጥቁር ከጥቁር

ላይፕሲክ፣ ኅዳር ላይ፤ ትራሙ ሲያቃስት፣
ሻጩ ቶርስተን ቆሞ ሞኒተሮቹ ፊት
ቁጥር ይደረድራል፦
«ይኼ ሃያ ሰባት፣ ያ ሠላሳ ሁለት፣
ቢሊዮን ቀለም አለው፣ የሚለይ በቅጽበት።»

ቢሊዮን አልፈልግም።
አራቱን ከለየ ይበቃኛል፦ ጠይም፣
ብስል ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር።
በጀርመንኛ ግን ስማቸው ጠፋኝና
ፍላሼን ሰጠሁት፣ ከኪሴ አወጣሁና።

ባለፈው ነሐሴ፣ በትርሲት ሠርግ ማታ፣
እናቷን አነሣሁ፣ ወይዘሮ አጸደን፣
ጥቁር ከፋይ ለብሰው፣ ጥቁር በር ተደግፈው።
በአሮጌው ላፕቶፔ አስተካክዬ ላክሁ፤
አልበሙ ሲታተም፣ ጥርስና ወርቅ ብቻ።
ደወሉ። አልተቆጡም።
«ሁሉም አለ፣ ልጄ። እኔስ የት አለሁ?»

የመጀመሪያው ስክሪን ከሰል አደረጋቸው፤
ትልቁ፣ ውዱ ደግሞ ብርቱካን ቀባቸው።
ሦስተኛው፣ ጥግ ላይ፣ ለማሳያ የነበረ፣
ዋጋው የወረደ፣ ጠርዙ የተጫረ፣
ጥቁሩን ከጥቁር ቀስ አድርጎ ለየ፤
ጉንጫቸው ከበሩ ተላቆ ብቅ አለ፤
የከፋዩ ስፌት አንድ ባንድ ታየ።

ቶርስተን ጎንበስ አለ። «እጃቸው ላይ ምንድነው?»
እኔም ገና ያኔ፣ ከሦስት ወር በኋላ፣ አየሁት፦
ቀኑን ሙሉ ቆመው፣ እንግዳ ሲሸኙ፣
ወይዘሮ አጸደ በግራ እጃቸው፣
ወደ ኋላ ደብቀው፣
ጫማቸውን ይዘዋል።

ካርቶኑን ታቅፌ፣ ፌርማታው ላይ ቆሜ፣
ደወልሁላቸው።
«ጫማውን ላጥፋው ወይ?»
ዝም አሉ። ዝናቡ ካርቶኑን ይመታል።
«ተወው» አሉ ኋላ።
«ታኮው ግን ይታያል?»