የውጭ ገጽታ

አንቀጽ ሰባት ይላል፣ ንዑስ ቁጥር ሁለት፦
«በቅርስ መዝገብ የሰፈረ ማናቸውም ቤት
በሩም ሆነ መስኮቱ፣ ልስኑም ቀለሙ
ያለ ቢሮው ፈቃድ አይነካም» ነው ትርጉሙ።

አስፈጻሚው እኔ ነኝ። ማኅተሙን በቦርሳ፣
ሜትሩን በወገቤ፣ ቅጹም እንዳይረሳ፣
በባጃጅ ወረድሁኝ፣ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር፣
የወይዘሮ አንጓች ቤት ካለበት ሰፈር።

ቤቱን ታውቁት ይሆን? ከወደቡ በላይ፣
በዘንባባው መሐል ሰገነቱ ሲታይ፣
ጥቁር ድንጋይ ካቡ፣ ጣውላ መስኮቶቹ፣
እንደ ባሕር ዛፍ ግንድ የተላጡ ፊቶቹ።

ደጁ ላይ ቆሟል፣ ላስቲኩን እንደለበሰ፣
አሉሚንየም መስኮት። ይሁኔ አናጢው ምስማር በጥርሱ ነከሰ።
«አቁም» አልሁት። አቆመ። ምስማሩን እፍኙ ላይ ተፋ፣
መዶሻውን ከኋላው ሸሸገ፣ ልክ ሕፃን እንዳጠፋ።

ወጡ ወይዘሮ አንጓች። በእጃቸው ባልዲ አለ፣
የትናንቱ ዝናብ በውስጡ የዋለ።
አንቀጹን አነበብሁ እስከ አራት ነጥቡ፤
ሰሙኝ፤ እሳቸውም ፊቴን ሲያነብቡ።

«ውስጡ የእርስዎ ነው፤ እንደፈቀዱ ያድርጉ፤
ውጩ ግን የከተማው» አልሁ፣ እንደ ሥራው ወጉ።
ባልዲውን ከፍ አደረጉት፦

«ታዲያ ይህ ዝናቡ፣ ውጭ ነው ወይስ ውስጥ?
ጣውላውን ቀርጥፎ ላሳለፈው ምስጥ
የትኛው ቢሮ ነው ፈቃዱን የሚሰጥ?
ባሕሩስ በየክረምቱ ግንቤን ሲልሰው
አንቀጽ ሰባት ብሎ ማን ነው የከሰሰው?»

ዝም አልሁ። ቅጹ ላይ ለዚህ ቦታ የለም።
ተራ ቁጥር አራት ግን፦ «የቀድሞው ቀለም»።

«ሰማያዊ» ልል ስል ይሁኔ ሳቀ፣
በመሮው ጫፍ ላዩን በቀስታ ፋቀ።
ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ ወጣ፣
ከአረንጓዴው ሥር ደግሞ ቢጫ መጣ፣
ከቢጫውም በታች ቀይ አፈር የመሰለ፣
ከዚያ ባዶ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ የቁልፍ ቀዳዳ አለ።

የቁልፍ ቀዳዳ! በመስኮት ላይ! ጎንበስ አልን፣
ከመስኮቱ ግርጌ ልስኑን መታ መታ አደረግን፤
ክፍት ድምፅ መለሰ። የተደፈነ በር
እስከ መሬት ድረስ ከሥሩ ነበር።

«አዎ!» አሉ አንጓች፣ ድንገት እንደ ልጅ፣
«ረስቼው! የታንኳ ነበር ይኼ ደጅ።
ከዘጌ ጌሾና ሎሚ ጭኖ ሲመጣ
በዚህ ነው የሚገባ፣ በዚህ ነው የሚወጣ።
ኋላ ባሕሩ ሲሸሽ፣ መንገዱም ሲሠራ፣
አባቴ ደፈነው በአንድ ክረምት ሥራ፣
ማንንም ሳያስፈቅድ።

የትኛውን ልጄ ይጠብቃል ደንብ፣
በሩን ነው፣ መስኮቱን፣ ወይ ያባቴን ግንብ?»

እውነት ለመናገር፣ ደንቡ ሲረቀቅ
ስለ ከተማው ውበት ነበር የምንጠነቅቅ።
«ፊት ለሌለው ከተማ ማን ይመጣል?» ያልሁት
እኔው ነኝ፤ በቃለ ጉባኤም አስጻፍሁት።
ዛሬም አምነዋለሁ። ከአደባባዩ ማዶ
የመስታወት ፎቆች ሲበቅሉ በባዶ፣
እርስ በርስ ሲተያዩ፣ አንዱ ሌላውን ሲመስል፣
የዚህ ቤት ድንጋይ ነው «እዚህ ነህ» የሚል።

ግን ዝናብ ጀመረ። ባሕሩ ጠቆረና
ጠብታው ቆርቆሮውን ገረፈው እንደገና።
አሉሚንየሙን ትቶ ይሁኔ ከጓዳ
የዋንዛ ሳንቃ አወጣ፣ የሌለበት የምስጥ ቀዳዳ።
እሱ መሰላል ላይ፣ እኔ ከታች ሆኜ፣
ባንድ እጄ ደግፌ፣ በማኅተሙ ቦርሳ ራሴን ተከድኜ፤
«ያዝ በደንብ!» ይለኛል፣ ምስማር ሞልቶት አፉ፣
እሳቸው ከውስጥ ሆነው ባልዲውን ሲደፉ።

ማታ ቢሮ ገባሁ፤ ቅጹን ጨረስሁት።
የባለቤት ስም፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር ሞላሁት።
«የተጣሰ አንቀጽ»ን በሰረዝ አለፍሁት።
ተራ ቁጥር አራት ግን፣ «የቀድሞው ቀለም»፣
ባዶውን አደረ። ከጥፍሬ ሥር ቢጫው ታጥቤም አለቀቀም።