የመሶዲ ጣሪያ

ባንኩ ብር ሲያበድረኝ «ዋስ ጥራ» አላለኝም፤
ፊት ያለው፣ ቆሞ የሚምል ሰው አልጠየቀኝም።
«መድን ግዛ» አለና ወረቀት ዘረጋ፣
ከቀኝ ወደ ግራ ፊደሉ መንጋ መንጋ።
ፈረምሁ። ርካሹን ነበር የመረጥሁት፣
በወር ሠላሳ ሼቄል ተረፈኝ ብዬ የኮራሁበት።

አፉላ፣ አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለው ሕንጻ።
በጥር ሌሊት የዛገው ቧንቧ ክርኑ ላይ ፈነዳ።
ውሃ መንገድ አያጣም፤
ወረደ ወደ ወይዘሮ መሶዲ ጓዳ።

ማለዳ በነጠላ ጫማ መጣች።
አልጮኸችም፤ «ና እይ» ብቻ አለች።
ከአልጋዋ በላይ ጣሪያው አብጦ፣
ቡናማ ክብ ሠርቶ፣ ጠርዙ ተሰንጥቆ፣
ከራስጌዋ ባልዲ፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል።
ሌሊቱን ሙሉ ስትቆጥረው እንዳደረች ዓይኗ ይናገራል።

ደወልሁ። ሙዚቃ፣ ከዚያም ሌላ ሙዚቃ።
«ያንተ መድን ለግንቡ ነው» አለኝ ድምፁ፣ በቃ።
«እሳት ቢበላው፣ ምድር ቢከዳው፣
ባንኩ ነው ቀድሞ የሚከፈለው።
ውሃውን ትተኸዋል። ሦስተኛ ወገንንም ትተኸዋል።»
ሦስተኛ ወገን!
ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣
ፋሲካ በወጣ ማግስት ማር የተቀባ ቂጣ ትልክልናለች፤
በወረቀቱ ግን ስም የላትም፣
በሠላሳ ሼቄል ተሰርዛለች።

ጥፋቱን በአሥር ቼክ ከፈልሁ።

ዘንድሮ ውሉ ሲያልቅ ልጄን ሞሪያን አስቀመጥኋት፣
ከሆስፒታል ተረኛነት መጥታ፣ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ፤
«አንብቢ፣ አንድ ቃል እንዳትዘይ» አልኋት።
«አባዬ፣ ከባንኩ መግዛት ግዴታ አይደለም» ብላ
ከሌላ ቦታ ሦስት ዋጋ አመጣች።
«ቤቱ ስንት ያወጣል?»
«ሚሊዮን ከምናምን።»
«እሱ መሬቱ ነው። መሬት አይቃጠልም።
የሚጻፈው ግንቡን ዳግም ማቆሚያው ነው፤
ብሎኬቱ፣ ብረቱ፣ የሠራተኛው ቀን።»
«እንግዲያው አሳንሰሽ ጻፊው፣ ክፍያውም ያንሳል።»
«ግማሹን ካስጻፍህ
የጉዳትህንም ግማሽ ነው የሚክሱህ» ስትለኝ
አባቴ ጤፍ ሲሸጥ የሚላት ነገር መጣችብኝ፤
በሰፈሩት ቁና።

የመሬት መንቀጥቀጥ የሚለው መስመር ላይ ጣቷን አቆመች።
«እዚህ ከጠቅላላው ከመቶ አሥሩን የምትችለው አንተ ነህ» አለች።
በመስኮት አየሁ። ሸለቆው ተጋድሟል፣ ስንዴው ለምለም፤
ከሥሩ ምን እንደሚገላበጥ ማንም አያውቅም።
«ይህን አትንኪው፣ ይቆይ» አልሁ።
«ሮኬቱስ?»
«እሱን መንግሥት ነው የሚክሰው፣ ከዚህ አይገባም።»
ትንሽ ዝም አልን። የዚያን ዋጋ መጠየቅ ደስ አይልም።

የቤት ዕቃ ሲባል ስንዱ ከወጥ ቤት ብቅ አለች፤
ማቀዝቀዣ፣ ማጠቢያ፣ ዕዳው ያላለቀ ሶፋ ቆጠረች።
«የእናቴን ድሪ ጨምሪው።»
«እማ፣ ለእሱ ፎቶና የባለሙያ ግምት ይፈልጋሉ።»
«ግምት?» ሳቀች ስንዱ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፤
«ተይው እንግዲህ፤ አንገቴ ይጠብቀዋል» አለች።

«ለሦስተኛ ወገንስ» አለች ሞሪያ፣
«ጣሪያው ስንት ይሁን?»
እኔ ጣሪያ ሲሉኝ የሚታየኝ አንድ ነው፤
ሁለቴ ተቀብቶ፣ ቡናማው ክብ ከቀለሙ ሥር
ሁለቴ ተመልሶ የወጣው።
«ከፍ አድርጊው» አልሁ።
«ምን ያህል?»
«መሶዲ ተኝታ ቀና ስትል
እኔን የማታይበት ያህል።»

ተደመረ። በወር መቶ አርባ ስድስት።
ስልሳ ሁለት ነበር፤ ስንዱ በጣቷ ደገመችው፣ አልተሳሳተም።
መድንና መዳን በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩት፤
አንዱን በጸሎት ይለምኑታል፣
አንዱን በወሩ በአሥረኛው ቀን ከሒሳብህ ይቆርጡታል።

ፈረምሁ፣ አሁን አንብቤ፤
ማለት፣ ልጄ አንብባልኝ።

ቢሆንም፣ አርብ አመሻሽ፣ ሻማው ሳይለኮስ፣
ደረጃውን ወርጄ የውሃውን መዝጊያ እነካዋለሁ፤
በመሶዲ በር ሳልፍ ደግሞ
ጠብ የሚል ነገር ካለ ብዬ
ጆሮዬን ጥቂት አቆማለሁ።