ተቀምጦ ነው ልኩ

ሰኞ ገበያ ነኝ፣ ከሳልባጁ ቁልል ዳር፤
በመዳፌ ጨብጫለሁ ባለ አምስት ቋጠሮ ክር።
አንደኛው ቋጠሮ የሙህዲን ትከሻ፣
ሁለተኛው ክንዱ፣ እስከ አንጓው መድረሻ፣
ሦስተኛው ደረቱ፣ አራተኛው ባቱ፣
አምስተኛው እግሩ፣ ከነአውራ ጣቱ።
ኮምቦልቻ፣ ትናንት ማታ፣ በሩን አስደግፌ
ለካሁት፣ የክሩን ጫፍ ይዤ በአፌ፤
"አትሳቅ፣ ትሰፋለህ" እያልኩት።

እሱ አይመጣም። እሁድ የለው፣ ሰኞ የለው፤
የሰው ዕቃ ጭኖ ሐረጎ ነው የሚውለው።
ሹራብ ለብሶ። ስስ።
ባለፈው ሐምሌ፣ በጉሙ መሀል፣
የመዳፉን ቆዳ ለአስፋልቱ ከፍሏል።
"ትንሽ ነው" አለኝ ቤት ሲገባ፣
የሻዩን ብርጭቆ በሁለት አንጓው አቅፎ።

ጋሼ እብሬ ክሬን አዩት፤ መነጽራቸውን ገፉ።
"ቆሞ ነው የለካሽው?"
"ቆሞ ነው።"
"እና ሞተር ላይ ይቆማል?"
የምለው ጠፋኝ።
"ስሚ ልጄ፤ የሞተር ልብስ ቆመው ሲለኩት ይዋሻል፤
እጅ ወደ መሪው ሲሄድ እጅጌ ወደ ላይ ይሸሻል፤
ጀርባው ከወገብ ይነሳል፣ ብርድ በዚያ ይገባል፤
ሰው ሲወድቅ ጉልበቱ ሌላ፣ መከታው ሌላ ቦታ፣
ምን ይረባል?"

ከባቄላ ጆንያ ላይ አስቀመጡኝ፤
ጃኬቱን አለበሱኝ፤ ለመሪ የመጥረጊያ እንጨት አስጨበጡኝ።
ተማም፣ የልጃቸው ልጅ፣ "ቡርርር" እያለ ዞረኝ፤
ሽንኩርት ሻጯ ከወዲያ፣ "ኧረ ጡሩምባ ንፊልኝ!"
ነፋሁላት፣ በአፌ። መደዳው ሁሉ ሳቀ።
ጋሼ እብሬ ግን በትከሻዬ ስፌት ጣታቸውን ሰደዱ፣
"ክንድሽ የወንድምሽ ነው፤ ክሩ ይመሰክራል" አሉና
ወደ ክርኔ ወረዱ።

እዚያ ቆሙ።
የግራው ክርን ተፍቋል። ጥቁሩ ቆዳ ነጥቷል፣
እንደ ድመት ምላስ ሻክሯል።
"ወድቆበታል?"
"ወድቆበታል።"
"ሰውየውስ?"
"ሰውየው አልመጣም፤ ልብሱ ነው የመጣው።
አብሽሪ፤ ስፌቱ አልተተረተረም፤ ይኸው፣ በጥፍርሽ ሞክሪው።"
ሞከርኩት።
የማላውቀውን ሰው የጨበጥኩ መሰለኝ።

ቡቱን ግን ከለከሉኝ፣ እስከ አሥር ሰዓት፤
"እግር ጠዋት ጨዋ ነው፤ ማታ ነው የሚያብጥበት።"
የግራው አፍንጫ ላይ ጠባሳ አለ፣ ማርሹ የበላው፤
ክሩን ወደ ውስጥ ሰደድኩት፤ አንድ አውራ ጣት ቀረው።
"ለካልሲው" አሉ። "ግን ክር ርዝመት እንጂ ስፋት አያውቅም፤
ካልሆነው መልሺው፤ እኔ ከዚህች ጥግ አልጠፋም።"
ሦስት መቶ ብር ቀነሱልኝ፤
ለክርኑ ይሁን ለሳቁ፣ እንጃ።

ሚኒባስ ውስጥ ለበስኩት። ደሴ ይበርዳል፤ ሰበቤ እሱ ነው።
ሐረጎን ስንወርድ፣ መንገዱ በታጠፈ ቁጥር፣
እጆቼ ከጭኔ ተነስተው ወደፊት ይሄዳሉ፣
ባዶ አየር ይጨብጣሉ።
አጠገቤ ያሉት እናት፣ "ልጄ፣ ያምሻል?" አሉኝ።
ኮምቦልቻ ስንገባ አላበኝ።
አላወለቅሁትም።

ሙህዲን ለብሶት መስታወት ፊት ቆመ።
"እጅጌው ረዘመኝ።"
"ተቀመጥ።"
"ምን?"
"ተቀመጥና እጅህን ዘርጋ።"
አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እጅጌው ሸሸ፣ አንጓው ላይ ቆመ።
ከዚያ የግራ ክርኑን ዳበሰ፣
አንዴ። ሁለቴ።
ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ።
"ልኬ ነው" አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

እኔም ክሩን አውጥቼ ቋጠሮዎቹን ፈታሁ፣ አራቱን።
የክንዱን ተውኩት፤
የእኔም ነው።